ሃምሳ ስድስት የሚመዝነው ጭስ

ውድ ለሜሳ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር እንጂ ወድጄህ አይደለም። ስደውል አታነሳም። የቴሌግራም መልእክቴን አንብበህ ዝም ትላለህ። ሳሪስ ያለው የፋብሪካው ዋና ቢሮ ድረስ ብመጣ ጥበቃው «ኢንጂነር ስብሰባ ላይ ናቸው» ብሎ መለሰኝ። ኢንጂነር! ኬሚስት መሆንህንም ደበቅካቸው እንዴ? እንግዲህ ሌላ መንገድ ስላልተውክልኝ ወረቀት ላይ እጮህብሃለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላስታውስህ። ዘይት ፋብሪካው ጀርባ ያለው ሰፈር፣ አንተ የተወለድክበት፣ ዓይኑን እያሸ ነው የሚውለው። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሙህዲን ሱቃቸው በር ላይ ሆነው ለአቤቱታ ፊርማ ሲያሰባስቡ «መጀመሪያ ጭሱ ምን እንደሆነ ልጃችን ይመርምርልን» ብለው አንተን ጠየቁ። አንተ ደግሞ ላቦራቶሪ ያለሁት እኔ ነኝና እኔ ጋ መጣህ። «ጄሪ፣ የእናቴ ዓይን ሊጠፋ ነው፤ ደረቷም አላስተኛት አለ፤ እርጂኝ» አልከኝ። እንዴት እምቢ እልሃለሁ? አጥሩ ሥር ቆመን ጭሱን በከረጢት ስንሞላ እንባችን ይወርድ ነበር፤ እርስ በርስ እየተያየን ደግሞ እንስቅ ነበር። ያን ቀን ሳስታውሰው አሁን ያንገበግበኛል።

መጀመሪያ የሞለኪውል ክብደት የሚለካው ማሽን ውስጥ አስገባነው። ሞለኪውሉን በኤሌክትሮን መትቶ አዮን አደረገውና መዘነው። ሃምሳ ስድስት። ሃምሳ ስድስት የሚመዝን ግን አንድ ጋዝ ብቻ አይደለም። ቡቲን አለ፣ በዚያ መጠን ሰው የማይጎዳ። አክሮሊን አለ፣ ዘይት ሲያርር የሚወጣ፣ ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል። ሁለት ሰዎች እኩል ኪሎ ስለመዘኑ መልካቸው አንድ ነው ይባላል? ይህን ለተማሪዎች ስታስረዳ የኖርከው አንተው ነህ!

ሁለተኛውን ማሽን፣ በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚመረምረውን፣ ያበራነውም ለዚሁ ነበር። አቶሞቹ የተያያዙበት እያንዳንዱ ትስስር በራሱ ልክ ይርገበገባል፤ ከእሱ ጋር የሚስማማውን ብርሃን ይውጣል፤ የጎደለውን ብርሃን አይተን ሞለኪውሉ እንዴት እንደተሠራ እናውቃለን። መብራት ጠፋብን። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ጠበቅን፣ ማሽኑን እንደ አዲስ አስተካከልን፣ በመጨረሻ መሥመሩ ወጣ። ካርቦንና ኦክስጅን በድርብ የሚያያዙበት ቦታ ላይ ወደ ታች ጎድጎድ ብሎ፣ ማንም ሊስተው በማይችል ሁኔታ። ቡቲን ውስጥ ኦክስጅን የሚባል ነገር የለም። ጣትህን ስክሪኑ ላይ አድርገህ «አክሮሊን ነው። እናቴን እየገደላት ያለው ይሄ ነው» አልክ። በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ፣ ለሜሳ።

ሪፖርትህ እድሩ ፊት ሲነበብ ኢንፍራሬድ የሚል ቃል የለበትም። ክብደቱ ብቻ። «ሃምሳ ስድስት፤ ቡቲን፤ ለጤና አያሰጋም።» ከታች ስምህ፣ ከስምህ ሥር ደግሞ የእኔ ስም። ማን ፈቀደልህ? ብዙም ሳይቆይ ፋብሪካው የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ አድርጎ ቀጠረህ ሲባል ሰማሁ። እንኳን ደስ አለህ አልልህም።

እኔን ያበገነኝ ግን ሥራው አይደለም። ያመኑህ መሆናቸው ነው። ከውጭ የመጣ ባለሙያ ይህን ቢጽፍ ኖሮ ጋሽ ሙህዲን ራሳቸው ያባርሩት ነበር። አንተ ስለሆንክ «የገዛ እናቱ እዚህ እያለች አይዋሽም» ተባለና እድሩ አቤቱታውን ተወው። እናትህ አዴ ከውሲ ደግሞ ባሱ። ሰው ልጄን እንዳይጠራጠርብኝ ብለው በርና መስኮታቸውን ከፍተው ጭሱ ውስጥ መዋል ጀመሩ። እሳቸውን ያየ ጎረቤት ሁሉ ከፈተ፤ አለዚያ አዴን እንደ መስደብ ነዋ! ሰፈሩ ይሉኝታ ይዞት እየታፈነ ነው። አንተ ደግሞ ሳሪስ ኤሲ እየነፋብህ ስብሰባ ላይ ነህ።

እሁድ እድሩ ሊሰበሰብ ሲል እናትህ ቤት ገባሁ። ሰው ፊት ከሚሰሙት ብቻቸውን ይስሙት ብዬ ነው። ስፔክትረሙን፣ ያ መሥመር የታተመበትን ወረቀት፣ አሳየኋቸው።

«ይሄ ጎድጎድ ያለው ምንድነው፣ ልጄ?»

«ጭሱ ነው፣ አዴ። ዓይንዎን የሚያቃጥለው።»

ከዚያ በኋላ ወረቀቱን አላዩትም። እኔን ነው ያዩት።

«ለሜሳ ይሄን አይቶታል?»

ተሳስቶ ነው ብል ትድን ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ እምቢ አለኝ።

«አብረን ነው ያየነው፣ አዴ።»

ብዙ ሳሉ። ውሃ ሰጠኋቸው፣ አልጠጡም። ነጠላቸውን ለብሰው ክንዴን ይዘው ወጡ።

የእድሩ ድንኳን ውስጥ ጋሽ ሙህዲን ወንበር ሲያቀርቡላቸው አልቀመጥም አሉ።

«ልጄ አልተሳሳተም» አሉ። «አይቶ ነው የዋሸው። አቤቱታውን እንደገና ጻፉ። መጀመሪያ የእኔን ስም አድርጉ።»

«አዴ፣ እርስዎ እንኳ ይቅርብዎ። እኛ እንፈርማለን» አሉ ጋሽ ሙህዲን።

«ሙህዲን፣ እኔ ካልፈረምኩ ማን ደፍሮ ይፈርማል?»

እውነታቸውን ነበር። እሳቸው እስኪፈርሙ ማንም ከመቀመጫው አልተነሳም፤ ከፈረሙ በኋላ ግን ሰዉ ተሰለፈ። አቤቱታው በዚህ ሳምንት ይገባል። ስፔክትረሙ አብሮ ይሄዳል፣ እኔም ቀርቤ አስረዳለሁ። ከሪፖርትህ ላይ ስሜ እንዲሰረዝም ጠይቄአለሁ። ጥሪ ሲደርስህ ማን ነው የከሰሰኝ ብለህ እንዳትደክም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለአንድ መልእክት ነው። ስሰናበታቸው አዴ እጄን ይዘው «አልተቆጣሁም በይው። ይምጣና ምሳውን ይብላ» አሉ። አደራ ነውና አድርሻለሁ። እኔ ግን ተቆጥቻለሁ፤ እሳቸው ይቅር ቢሉህም እኔ አልልህም። የምትሄድ ከሆነ ነፋሱ ከፋብሪካው ወደ ቤታቸው በሚነፍስበት ሰዓት ሂድ። አጠገባቸው ተቀመጥ። ሲያስላቸው እየሰማህ ብላ።

እየሩሳሌም