ያልተብራራው ነጥብ

ውድ ወንድሜ እርሳሱ፣

ባለፈው ሳምንት የላክሁልህ የስንብት ደብዳቤ ደርሶህ ከሆነ አታልቅስ። አልሞትም። ይህን የምጽፍልህ ከደስታም ነው፣ ከንዴትም ነው።

ሐኪሞቹ ጭንቅላቴ ውስጥ እጢ አለ እንዳሉኝ ነግሬሃለሁ። የራስ ቅሌ የሚከፈተው ትናንት ጠዋት ነበር። ቀዶ ሕክምና ክፍል ከመግባቴ በፊት የጭንቅላቴን ፎቶ አሳዩኝ አልኩ። ቀዶ ሐኪሙ ቅር እያለው አሳየኝ። እጢ የተባለው ክብ ነገር ውስጥ፣ ወደ ጠርዙ ጠጋ ብላ፣ የስፒል ጫፍ የምታክል ነጭ ነጥብ አየሁ። ምንድን ናት ብዬ ብጠይቀው ምንም አይደለችም አለኝ። ደሜ ፈላ። ሠላሳ ዓመት ካርታ የሠራ ሰው “ምንም” የሚባል ነጥብ አያውቅም።

“ያልተብራራ ነጥብ ይዤ አልተኛልህም” አልኩት።

“አባቴ፣ እርስዎ ካርታዎን ይሥሩ፤ ጭንቅላቱን ለእኛ ይተዉልን።”

“ጭንቅላቱ እኮ የኔ ነው።”

ነርሷ ሳቋን መያዝ አቃታት። ጭቅጭቁን ሰምታ የመጣች የራጅ ሐኪም ፎቶውን አጉልታ አየች። ከዚያ ቀዶ ሐኪሙን ወደ ጥግ ጠራችው። ነጥቧ ለካ የትል ራስ ናት። የኮሶ ትል እጭ ውሃ ቋጥሮ፣ እጢ መስሎ አንጎሌ ውስጥ ተቀምጧል። የደም ምርመራውም ዛሬ ይህንኑ አረጋገጠ። መቅደድ የለም፤ ክኒን ነው። እንቁላሉ የሚገባው በደንብ ካልታጠበ እጅ ነው ሲሉኝ ግን ልፈነዳ ደረስኩ። ሰላጣ ሦስት ጊዜ የማጥበውን ሰውዬ።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ። አብረን በሠራነው ካርታ ላይ የራስህን ስም ብቻ ስለጻፍክ አሥራ አንድ ዓመት አኩርፌህ፣ በዚያ ደብዳቤ ይቅር አልኩህ። እውነቱን ልንገርህ፤ ይቅር ያልኩህ መሞቴ ነው ብዬ ነው። ዛሬ ይቅርታዬን ልሰርዝ ብዕር አነሳሁ። ከዚያ “ያልተብራራ ነጥብ አይታለፍም” የሚለው ሕግ የማን እንደሆነ ትዝ አለኝ። ያንተ ነው። ሌንስ ይዘህ በየነጥቡ ላይ “ይህቺ ደግሞ ማናት?” ስትል “ቅማል ፈላጊው” እያልኩ የሳቅሁብህ እኔ ነኝ። ኋላ ሕጉን ለደንበኞች የራሴ አስመስዬ ሳወራ ኖርኩ። ስምህን አንድም ቀን አልጠራሁም።

ስለዚህ ስንብቱን ቅደደው፤ ይቅርታዬ ግን እንደጸና ነው። እኔንም ይቅር በለኝ። ከሰኞ ጀምሮ ክኒኑን እየሰጡ ሊከታተሉኝ ሆስፒታሉ ውስጥ ያስተኙኛል፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው አልጋ። ና። ስለ ካርታው ግን ገና አልበረደልኝምና ተዘጋጅተህ ና፤ የቀረውን ፊት ለፊት እንጣላለን።

ለጊዜው የማይሞተው ታላቅ ወንድምህ