በምሳ ሰዓት የሰካሁት ገመድ

እንደ ልጄ ያሳደግኩሽ የእኔ መሐንዲስ፣ ጤናሽ ይብዛ፤ ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ። እናትሽ ደህና ናት። ጉልበቷን ቢያማትም ምላሷ ጤነኛ ነው፤ ለኔትወርክ ፈተና መዘጋጀቴን አይታ "በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ፈተና!" እያለች ትስቅብኛለች።

የላክሽልኝን የኔትወርክ መጽሐፍ በምሠራበት ሆስፒታል በምሳ ሰዓት አነባለሁ። ማክሰኞ ለልምምድ ትርፍ ዕቃ ባጣ፣ ኮምፒውተሮቹ በሚገናኙበት ስዊች ላይ የአንዱን ገመድ ሁለት ጫፎች ሰካሁ። መረጃው እየተባዛ ሲሽከረከር መስመሩ በሙሉ ታነቀ። በሽተኛ ሲብስበት የሚጮኸው ማንቂያ ለዐሥራ አንድ ደቂቃ ነርሶቹ ዘንድ አልደረሰም። አልጋ ሰባት ላይ የተኛው አናጺ በዚያ መሀል ራሱን ስቶ እስካሁን አልነቃም።

ገመዱን ነቀልኩ። ሲጠይቁኝም ጥፋቱን በሆስፒታሉ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ላይ አሳበብኩ። ትናንት "ጋሼ፣ አንተ ታውቀኛለህ፤ እኔ እንዲህ አደርጋለሁ?" አለኝ።

ሰኞ ጉዳዩን የሚያጣራው ኮሚቴ ሲቀመጥ "እኔ ነኝ" እላለሁ። አንቺም ሥራ ቦታ ስትለማመጂ፣ ሰው በሚገለገልበት ዕቃ ላይ አትሞክሪ፤ አደራ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። እሑድ ለእናትሽ ደውለሽ ሁሉንም ንገሪልኝ። እኔ ልነግራት ሁለት ጊዜ ጀምሬ፣ ስለ ጉልበቷ ብቻ ጠይቄ ተመለስኩ። ፈተናሽን በሰላም ያሳልፍሽ፤ እጅሽ የሚነካው ሁሉ ለሰው ደህና ይሁን።

አጎትሽ