ክላሹን ሞዘር ያልክበት ቅዳሜ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3
አልጋህ ላይ ተቀምጬ

ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ነህ? እግርህን አሁንም ይበርድሃል? ሰማያዊው ካልሲህ ከማስጫው ገመድ ላይ እስካሁን አልወረደም። እኔ እማዬ ታወርደዋለች ብዬ እጠብቃለሁ፤ እሷም እኔን የምትጠብቅ ይመስለኛል። እኛ ስንጠባበቅ ዝናብ ይመታዋል፣ ይደርቃል፣ ደግሞ ይመታዋል። እንደ አንተ የታጠበ ካልሲ ያለው ሰው በሰፈሩ የለም።

እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ፣ እበላለሁ፣ ትምህርት ቤትም እሄዳለሁ። ጆሮዬ ብቻ ነው ያስቸገረኝ። ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የመሣሪያ ስም አወጣለታለሁ። የክፍላችን መስኮት መቀርቀሪያ ሞዘር ነው፤ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ይሳባል፣ ተመልሶ ጥርቅም ይላል። የአውቶቡሱ በር ክላሽ ነው፤ ሁሉ ነገሩ ይንቋቋል። የፊዚክስ አስተማሪያችን እስክሪብቶውን ቀጭ ቀጭ ሲያደርግ ማካሮቭ። ትናንት «ምን እያሰብክ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሽጉጥ» ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ብለው ኖሮ ይኼን ደብዳቤ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ነበር የምጽፍልህ።

ከሁሉም በላይ የአናጢው ሱቅ ይመጣብኛል። ሳልተኛ ነው ሕልሙ የሚጀምረኝ። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው። ፀሐይዋ በቆርቆሮው ቀዳዳ ትገባለች፤ የእንጨቱ ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ የሚወድቅበት መሬት የጠፋው ይመስል ይንሳፈፋል። የተልባ ዘይት ይሸታል። አናጢው የሚያድሳቸው አሮጌ ጠመንጃዎች አውቶቡስ እንደሚጠብቁ ሽማግሌዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ እንዳይተኩሱ በርሜላቸው ተደፍኖ፣ ፈቃድ ወጥቶላቸው፣ ጡረታ ወጥተው። አናጢው የተሰነጠቀ ሰደፍ ይልጋል። ሻለቃው፣ ከሠራዊት ከወጡ ሃያ ዓመት ቢሞላቸውም ከማዕረጋቸው ያልወረዱት ሻለቃው፣ ኮታቸውን ጉልበታቸው ላይ አጥፈው ተቀምጠዋል። አንተ መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ሆነህ እግርህን ታወዛውዛለህ። እኔ የመጋዝ ዱቄት ጆንያው ላይ ነኝ። ደግሞ ክርክሩ ይጀመራል።

«ሻለቃ፣ የእርስዎ ሞዘር እኮ ሙሽራ ነው» ይላል አናጢው። «አቧራ ሲነካው ያኮርፋል። ክላሽን ጭቃ ውስጥ ይጣሉትና ያውጡት፤ አቤት ይላል!»

«አቤት ማለቱንስ ይላል፤ የሚናገረውን አያውቅም እንጂ። ሞዘር አንድ ቃል ነው የሚናገረው፤ እሱም ይደርሳል። ያንተ ክላሽ እንደ ጌታው ለፍላፊ ነው።»

«አምስት ጥይት ተይዞ ጉራ! እኔ ሠላሳ ይዣለሁ።»

«ሠላሳ የሚያስፈልገው ሃያ ዘጠኙን አየር ላይ ለሚበትን ሰው ነው።»

ከዚያ ወደ አንተ ይዞራሉ። ያንተ መልስ አንድ ቀን እንኳ ከባለፈው ቅዳሜ ጋር ገጥሞ አያውቅም። አንዴ ጋራንድ ነበር፤ «ስምንተኛውን ጥይት ሲጨርስ ባዶ ማቀፊያውን ቲንግ አድርጎ ይተፋዋል። እንደዚያ ተሰናብቶ የሚሄድ መሣሪያ የት አለ?» አልክ። በሳምንቱ ደግሞ ናጋንት ሽጉጥ፤ «ምላጩን ስትስበው ጥይት የሚይዘው ጎማ ወደ ፊት ተንሸራቶ በርሜሉን ይስመዋል።» አናጢው መላጊያውን አስቀምጦ «ይኼ ልጅ የሚመርጠው ጠመንጃ አይደለም፤ ሚስት ነው!» አለ። በሕይወትህ አንዲት ጥይት ተኩሰህ አታውቅም። እኔም እውነቱን ልንገርህ፣ ጠመንጃ ወድጄ አላውቅም። አንተ ስታወራ ለመስማት ነበር የምመጣው።

ጨዋታችሁን ታስታውሳለህ መቼም። አንዱ ዓይኑን ይጨፍናል። ሌላው ከመሣሪያዎቹ አንዱን አንሥቶ ማቀባበያውን፣ ጥይቱን ወደ በርሜሉ የሚያስገባውን ብረት፣ ስቦ ይለቀዋል። የጨፈነው በድምፁ ብቻ የመሣሪያውን ስም ይጠራል። የሳተ ምሕረት የለውም፤ ይሰደባል፣ ይሳቅበታል። ሻለቃው አንድ ጊዜ ብራውኒንጉን «ማካሮቭ» ብለው ወር ሙሉ «ሻምበል» ተብለው ተጠሩ፤ አቤት እያሉም መለሱ። አንተ ግን በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜም አልሳትክም።

በሽታው ከአልጋ ሲያስቀርህ መሣሪያዎቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወደ ቤት አመጡልህ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ «ሕፃናቱ መኝታ ቤት ከመግባታቸው በፊት ጫማቸውን አውልቁላቸው» አለች። ከታመምክ ወዲህ ስትቀልድ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

የመጨረሻው ቅዳሜ ብርሃኑ ቢጫ ነበር። መጋረጃው ይተነፍሳል። አንተ ዓይንህን ጨፈንክ፤ አናጢው እንዲቀልህ ብሎ የራሱን ክላሽ አነሣ። ክላሽን እኮ እማዬ ከወጥ ቤት ሆና ታውቀዋለች። ሳበው፣ ለቀቀው። አንተ ድምፁን ከሩቅ አገር እየጠራኸው ይመስል ነበር።

«ሞዘር» አልክ።

ማንም አልሳቀም። «ልክ ነህ» አሉ ሻለቃው። አናጢውም፣ ለክላሽ ክብር ሲል ከአማቱ ጋር የተኳረፈው ሰውዬ፣ ክላሹን ጉልበቱ ላይ እንዳቀፈ «ልክ ነህ፣ ሞዘር ነው» አለ።

«አይደለም» አልኩ እኔ። «ክላሽ ነው።»

አናጢው ጆሮዬን ይዞ ወደ በሩ ጎተተኝ። «አንተ ምን ዓይነት ልጅ ነህ...» ሳይጨርስ ሳቅህ ከአልጋው መጣ።

«ተወው! እናንተ አፈር አልብሳችሁኛል። ያልቀበረኝ ይኼ ጩጬ ብቻ ነው። በሉ እንጂ፣ ስደቡኝ!»

ሻለቃው ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው ተነሡ። «ከዛሬ ጀምሮ ምልምል ወታደር ነህ» አሉህ። አንተም በተኛህበት ሰላምታ ሰጠሃቸው።

እስከዚህ ያለውን ለሁሉም እነግራለሁ። አክስታችንም፣ ጎረቤቱም ሰምተውታል። ቀጥሎ ያለውን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

እነሱ ከሄዱ በኋላ በሩን እንድዘጋ ነገርከኝ። «ጩጬ፣ ሐኪሙ ለእማዬ ምን አላት?» ብለህ ጠየቅከኝ። ከሁለት ቀን በፊት ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሰምቼ ነበር። ሐኪሙ «ሳምንታት» ነው ያለው። «ወራት» እንዲል ጠበቅኩት፤ አላለም። አንተ ደግሞ የጠየቅከው ያንን ነው፤ ከቤቱ ሁሉ መርጠህ እኔን የጠየቅከው እንደማልዋሽህ ስላየህ ነው።

«መድኃኒቱ እየሠራ ነው አለ» አልኩህ።

ለረጅም ጊዜ አየኸኝ። ከዚያ «ልክ ነህ» አልክና ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። ሻለቃው ለአንተ ያሏትን ቃል፣ በዚያው ድምፅ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሄድክ።

ሰው ሁሉ «ተስፋ እንደያዘ ሄደ» ይለኛል። እኔ ግን ያቺ ቃል አትለቀኝም። እውነት የሚነግርህ የቀረህ አንድ ሰው እኔ ነበርኩ፤ በዚያ ከሰዓት በኋላ ብቻህን ተውኩህ። ልትነግረኝ የፈለግከው ነገር ነበር? አደራ ነበር? ወይስ አብረን ለመፍራት ብቻ ነበር? እውነቱን ብነግርህ ኖሮ አጠገብህ እተኛ ነበር፤ ምን እንደምንባባል ባላውቅም። ይቅር በለኝ፣ ወንድም ጋሼ። ፈርቼ ነው። አፌን ስከፍት እውነቱ የሚወጣ መስሎኝ ነበር፤ ሌላ ነገር ወጣ።

ያለህበት ቦታ ብርሃን ይኑረው። ሕመም አይድረስብህ። እግርህ ይሙቅ። ስትስትም የሚስቅብህ ሰው አይጥፋ።

ታናሽ ወንድምህ፣
ጩጬ

ይኼን ሳልነግርህ ደብዳቤውን ላሽገው ነበር። ለለቅሶ የመጡት እንግዶች ትናንት ሄዱ፤ ስለዚህ ዛሬ መኝታ ክፍላችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን አነጋሁ። ዩኒፎርሜን ለብሼ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ። እማዬ ቆማ ነበር። «ተኛህ?» አለችኝ። ሰሞኑን ሁሉ «አዎ» ነው የምላት፤ እሷም «ተመስገን» ትላለች። ዛሬ «አልተኛሁም» አልኳት። «ዋሽቼው ነው፣ እማዬ። መድኃኒቱ እየሠራ ነው አልኩት።»

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «እኔም እንደዚያው ነው ያልኩት» አለች።

«ምን አለሽ?»

«ልክ ነሽ አለኝ።»

አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ከዚያ ተነሥቼ ሁለት እንቁላል ጠበስኩ፤ ጠብሼ አላውቅም። ሳህኑን ፊቷ አስቀመጥኩት። ቀመሰች።

«እንዴት ነው?»

«ጨው በዝቶበታል» አለች። «ደግሞ አርሯል።»

ሳህኑን ወደ መሐል ሳበችውና አብረን ጨረስነው።