ዩሪያ ለደመና

ጎረቤቴ ነገሳ፣ ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም። የልጅ ልጄ ሶረቲ አሰላ የምትሠራበትን አዲሱን የፍሳሽ ማጣሪያ አሳየችኝ። አንተ «ሽንት ቤት ጠባቂ» ያልካት ልጅ ለካ በዓይን የማይታይ የጥቃቅን ነፍሳት መንጋ ታረባለች! በአንዱ ገንዳ አየር ትነፋላቸዋለች፣ በሌላው ትከለክላቸዋለች። አየር ሲያጡ ከፍሳሹ ናይትሮጅኑን፣ ያንኑ የዩሪያ ማዳበሪያችንን ጉልበት፣ ወስደው ወደ ሰማይ ይለቁታል። ኧረ ጉድ!

«እኛ ለዩሪያ ስንጋፋ እናንተ ለደመና ትበትናላችሁ?» ብዬ ጮኽኩባት።

«አካኮ፣ ቀስ ይበሉ! ከብቶቻችሁ አንጠጣም ያሉትን ወንዝ አረንጓዴ ያደረገው እኮ ይኸው ናይትሮጅን ነው።»

ወደ መውጫው ወሰደችኝ። ውሃው እንደ ወንፊት ባለ ስስ ነገር አልፎ ሲወጣ፣ አትቀየመኝና፣ ካንተ ጉድጓድ ይጠራል። እጄን ዘርግቼ መንጋዋን እንደ ከብት «ሆራ ቡላ፣ ርቡ ተባዙ!» ብዬ መረቅኩላት። ሠራተኞቹ በሳቅ ሞቱ።

ማጣሪያው ሥራ የጀመረው በቅርቡ ነው፤ ወንዙ ቀስ በቀስ ይጠራል ብላኛለች። ስለዚህ ወንዙ አይጠጣም ብለህ ያቺን ጊደርህን ገበያ እንዳታወጣት፣ አደራ! ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ባለቤትህን ጠጂቱን ሳምልኝ። እስኪጠራ ከጉድጓድ መቅዳት ከታከተህም ጊደሯን እኔ ቤት አስራት፤ እስከዚያ እኔ ሽማግሌው ተሸክሜ አጠጣታለሁ፣ አንተ ጎረምሳው ተኛ።