ከጎሉ ጀርባ ያለው አጥር

ከሎዋር ወንዝ ዳር

ይድረስ ለውድ ልጄ ለሶሌን፤

በያገሩ ሜዳ የምትሮጪበት ጉልበትሽ እንዴት ከርሟል? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን።

ሊማ ላይ ሁለተኛውን ዙር ማለፍሽን የከተማችን ጋዜጣ ከነፎቶሽ አወጣው። አባትሽ ግን እንደ ወትሮው ቆርጦ ግድግዳ ላይ አልለጠፈውም፤ «ኋላ» አለኝ። አንቺን ራኬት ያስጨበጠበት የቴኒስ አዳራሽ እንዲፈርስ ማዘጋጃ ቤቱ ወስኗል። ስብሰባው ላይ ለከንቲባው ልክ ልኩን ይነግረዋል ብዬ ስሰጋ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ተመለሰ። ሾርባም ቢሆን ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ነው የሚተወው፤ የወቅቱ ለውጥ ይሆናል።

የኳስ ቡድናችንም ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ወረደልሽ። ቅዳሜ የመጨረሻውን ጨዋታ አየን። ደጋፊ ሲሞት ቤተሰቡ ስካርፉን ከጎሉ ጀርባ ካለው አጥር አናት ላይ እንደሚያስር ታውቂያለሽ። ጨዋታው ሲያልቅ አባትሽ የገዛ ስካርፉን ከአንገቱ ፈትቶ እዚያው አሰረው።

«አንተ ፊርማን፣ ሳንቀብርህ?» ብሎ ጎረቤታችን ባስትያን ቀለደበት።

«ሚስቴ ኦዲል አጭር ናት፣ አትደርስበትም። ላግዛት ብዬ ነው» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ማክሰኞ ብቻዬን ልፈታው ሄድኩ። በእግሬ ጣቶች ቆሜ ተንጠራራሁ። እውነቱን ነው፤ አልደርስም።

ውድድርሽን ትተሽ ነይ አልልሽም። ስትደውይ ግን ጠዋት ጠዋት ይሁን፤ የአባትሽ ድምፅ ያኔ ይሻላል። እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናው።

በቁመት በአባትሽ ስለወጣሽ፣ አንቺ ትደርሺበት ነበር።

እናትሽ ኦዲል