ስላሳረፋችሁኝ አመሰግናለሁ

ለአነስተኛ ነጋዴዎች ደኅንነት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ሐረር

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣

አዲሱ ዓመት ለእርስዎና ለመላ ቤተሰብዎ ጤና ይዞ እንደገባ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ በመሥሪያ ቤትዎ መዝገብ ካልሆነ በስተቀር፣ ደኅና ነኝ።

ስሜ እንደሻው ወልደ ጊዮርጊስ ይባላል። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ በቀበሌ ሱቅ አሥራ ሰባት ዓመት ሰፍቻለሁ። ነሐሴ ማብቂያ ላይ «ዓመቱን ሳንዝል እንዝጋ» በተሰኘው ሥልጠናዎ ላይ በጥብቅ ስለተጋበዝኩ ተገኝቻለሁ። ጳጉሜን ሰው ሁሉ አዲስ ልብስ የሚፈልግባት ጊዜ እንደሆነች ለአሠልጣኙ ባስረዳቸው፣ በሽታዬ ይኸው እምቢ አለማለቴ እንደሆነ ነገሩኝ። ትከሻዬ ከሰኔ ጀምሮ አልታዘዝ ብሎኝ ስለነበር አልተከራከርኩም። ሱቄን ለአምስት ቀን ዘጋሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ አዘጋጅቶ ያደለንን ማስታወቂያም በሩ ላይ ለጠፍኩ። «የዚህ ሱቅ ባለቤት አቶ እንደሻው ወልደ ጊዮርጊስ ዐርፈዋል» ይላል። ማኅተም አለበት።

ማንም አንቱ ብሎኝ የማያውቀውን እኔን እንዲህ ስላከበራችሁኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። «በዕረፍት ላይ ናቸው» ብትሉ ኖሮ ግን ያ ሁሉ ሰው ሥራ አይፈታም ነበር። ውጤቱን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ፦

፩ኛ. ጳጉሜን አንድ ቀን እስከ ስድስት ሰዓት ተኝቻለሁ፤ ስለዚህ ሥልጠናው ይሠራል። በስድስት ሰዓት የሥራ ጎረቤቴ ከድር ሰዎች አስከትሎ «ኢና ሊላሂ» እያለ ግቢዬ ገባ። በቁምጣ ወጥቼ ስቀበለው ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ወላሂ አታፍርም? የሰው ሱሪ ባንድ እግሩ ትቼ ነው የመጣሁት!» አለኝ።

፪ኛ. የዕድራችን ድንኳን ደጃፌ ላይ ተተክሎ ነበር። የዕድሩ ዳኛ አቶ ከበደ ድንኳኑን ሲያስነቅሉ፣ ለወደፊቱ ስሞት ራሴ ቀድሜ መጥቼ እንዳረጋግጥላቸው አሳስበውኛል።

፫ኛ. መስከረም ሁለት ልከፍት ብሄድ ሱቁ ታሽጎ ጠበቀኝ። ለካ አንድ ባልደረባዎ የራሳችሁኑ ማስታወቂያ አንብቦ ፋይሌን «በሞት ምክንያት የተዘጋ» ብሎታል። ጽሕፈት ቤትዎ ሄጄ ስሜን ብናገር፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ «ውይ፣ ነፍስ ይማር! ምንዎ ነበሩ?» አለችኝ። ራሴ ነኝ ብላት ወረቀቱን ደጋግማ አየችና፣ «ይሄ እኮ ማኅተም አለው» አለች። በሕይወት መኖሬ እስከ መስከረም ሠላሳ በኮሚቴ ካልተረጋገጠ ሱቁ ለተረኛ ይሰጣል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ የዓመት ፈቃድ ላይ ናቸው።

በታሸገው ሱቅ ውስጥ የስፌት መኪናዬና ደንበኛዬ ነጂባ ለሦስት ልጆቿ ያመጣችው የዩኒፎርም ጨርቅ አሉ። ትምህርት ተከፍቷል፤ ልጆቹ አምና የጠበባቸውን ለብሰው ይሄዳሉ። ነጂባ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ከምትሸጥበት ስታየኝ ሰላም ትለኛለች እንጂ ስለ ጨርቁ አትጠይቀኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

፬ኛ. ለጊዜው ከድር ለምሳና ለሶላት በተነሣ ቁጥር በእሱ መኪና እሰፋለሁ። ሲመለስ እነሣለሁ። በሃምሳ አንድ ዓመቴ የሰው ወንበር መሞቅ ጀምሬያለሁ።

እንግዲህ ክቡርነትዎን የምለምነው ካሳ አይደለም፤ ይቅርታም አይደለም። ከጳጉሜን በፊት የነበረኝ ድካም እንዲመለስልኝ ብቻ ነው። የራሴ ነበር፤ ለምጄውም ነበር። ከእናንተ የመጣውን ዕረፍት ግን አልቻልኩትም።

ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ትንፋሼን በእጄ እያረጋገጥኩ፣
እንደሻው ወልደ ጊዮርጊስ
ልብስ ሰፊ (በኮሚቴ እስኪጸድቅ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፋይሌን የዘጋውን ባልደረባዎን አደራ እንዳይቀጡብኝ። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ከጽሕፈት ቤትዎ በአንድ ቀን ያለቀልኝ ጉዳይ ይህ ብቻ ነው።