አንድ ዓይን የጎደለው ፈረሰኛ

ረቡዕ

ግድግዳው ለእኔ ሆነ! ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ፊት ለፊት የጋሽ ደረሰ ሆቴል አለ አይደል፣ በሩን ገባ ሲሉ በስተቀኝ ያለው ሰፊው ግድግዳ። ጋሽ ደረሰ ፈረስ ላይ ተቀምጠው መሣል ይፈልጋሉ። ፈረስ የላቸውም። በቅሎም የላቸውም። "ከየት ይምጣልዎ?" ብላቸው "አንቺ ሣይው እንጂ ምን አገባሽ" አሉኝ።

ታላቅ ወንድሜ ታደገ አልሳቀም። አንድ መሥሪያ ቤት ለምኖ የጽዳት ሥራ አግኝቶልኛል። ለሰኞ።

"ስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ሠዓሊ የት አይተሻል?" አለኝ።

መስታወት አንሥቼ ፊቴን አየሁና "ይኸው" አልኩት።

ተስማማን። ጋሽ ደረሰ እስከ እሑድ ሥዕሉን ከወደዱት ሠዓሊ ነኝ። ካልወደዱት እጠርጋለሁ።

ሐሙስ

የሚያሰጉኝ፦ ዝናብ። የጎረቤት ፍየል (ትናንት ቡናማውን ቀለም ላሰችው)። ታደገ።

ፈረሱ አለቀ። የጋሪ ፈረስ አቁሜ እያየሁ ነው የሣልኩት። ባለጋሪው መጥቶ አየና "ይኼ የኔ ነው?" አለ።

"ያንተው ነው፣ በልቶ ሲያድር።"

ዓርብ

ጋሽ ደረሰን በጎን ሣልኳቸው። ለአፍንጫቸው ብዬ ነው፤ እንዲያ ያለ አፍንጫ ከፊት ተሥሎ ሲባክን አላይም። መጡ፣ አዩ፣ "ጎራዴ ጨምሪ" አሉ። ጨመርኩ። ደስ አላቸው። እኔማ ሳፏጭ ዋልኩ።

ቅዳሜ

ጉድ ፈላ። ገበያ ነው፣ ሆቴሉ ጢም ብሏል። ከገበዝ ማርያም የመጡ አንዲት ባልቴት ግድግዳውን አይተው አማተቡ።

"እኒህ ሰው ምን በድለው ነው? አንድ ዓይን ብቻ!"

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ሰይጣንና ይሁዳ በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። እኔም አውቅ ነበር። አፍንጫው አስረሳኝ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሞባይል ያለው ሁሉ ፎቶ አነሣ። አንዱ ከጥግ "ጋሽ ደረሰ፣ ሠላሳውን ብር የት አደረሱት?" አለ።

ጋሽ ደረሰ ቀሉ። "ኖራ ቀቢበት! አሁኑኑ!"

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ለቀልድ አይደለም፣ የምሬን። "ነገ ከቅዳሴ ስመለስ እንዲህ ሆኖ እንዳላየው" ብለው ጥለውኝ ገቡ።

ታደገ ወሬውን ሰምቶ አዲስ መጥረጊያ ገዝቶልኝ መጣ። ከቀለሞቼ አጠገብ አቆመው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ

ጎህ ሲቀድ ጀመርኩ። ፊታቸውን ብቻ ፋቅሁ። ፈረሱ እየጋለበ ጋሽ ደረሰ አንገታቸውን ወደ በሩ ዞር አደረጉ፣ የሚገባውን እንደሚቀበል ሰው። ሁለት ዓይን፣ ፍንጃል የሚያህሉ። አፍንጫው አንጀቴን በላው፣ ግን ምን ይደረግ።

ጋሽ ደረሰ ከቅዳሴ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ከኋላቸው ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ገቡና ለግድግዳው ጎንበስ ብለው "እንዴት አደሩ ጋሽ ደረሰ?" አሉ።

"ኧረ እኔ እዚህ ነኝ!" አሉ ጋሽ ደረሰ። ከዚያ ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

የትናንቱ ነገረኛ "ፈረሱስ? እሱ አሁንም አንድ ዓይን ነው" አለ።

"እሱን ለንስሐ አባቱ ተውለት" አልኩት።

ታደገ መጣ። ብዙ ቆሞ አየ። "ስምሽን ከሥር አትጽፊም እንዴ?" አለኝ። ሠዓሊ እናኑ! ከፈረሱ ኮቴ አስበልጬ ጻፍኩት።

ሰኞ

ታደገ መሥሪያ ቤቱን "ሌላ ሰው ፈልጉ" ብሎ መጣ። ራሱ ሄዶ!

ከሰዓት ቡሬ ምግብ ቤት ያላቸው እትየ ዘሀራ ግድግዳውን አይተው አስጠሩኝ። ፏፏቴ ይፈልጋሉ፣ ከወለል እስከ ጣራ።

"ፏፏቴ አይተሽ ታውቂያለሽ፣ ልጄ?"

"ሥሩ ነው ያደግሁት!"

ውሸቴን ነው። ሲወርድ ያየሁት ውኃ ቢኖር ከቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ነገ በመጀመሪያው መኪና ቡሬ ነኝ። ከላይ ወደ ታች እንደሚወርድ አውቃለሁ፤ ሌላውን እዚያው እደርስበታለሁ።